የወይኑ ሐረግ የማን ነው?

ከአገራችን ከተሞች በአንዱ ግሮሰሪ ገብቶ «ጉደር አምጣልኝ» የሚል ሰው፣ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ያለችን አንዲት ከተማ ስም መጥራቱን ብዙውን ጊዜ አያስተውለውም። እርሱ ያዘዘው ቀይ ወይን ጠጅ ነው። ጉደር ግን ጠርሙስ ከመሆኑ በፊት ወንዝ ነበር፤ ከወንዙም ስሙን የወረሰ ከተማ ሆነ። ከተማው ከአምቦ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በአሁኑ አከፋፈል በምዕራብ ሸዋ ዞን የቶኬ ኩታዬ ወረዳ መቀመጫ ነው። ወንዙም ወደ ሰሜን ወርዶ ከዓባይ ይቀላቀላል። ጎረቤቱ አምቦ፣ በቀድሞ አጠራር ሀገረ ሕይወት፣ በ1920ዎቹ ዓ.ም. መታሸግ በጀመረው ውኃው ስሙን በየገበታው አስቀምጧል። ጉደርን በአምቦ ውኃ አቅጥነው የሚጠጡ ሰዎች ባየሁ ቁጥር፣ ሁለቱ ጎረቤቶች ከአገራቸው ርቀው በአንድ ብርጭቆ ተገናኙ እያልሁ በልቤ እስቃለሁ።

ስሙ እንዲህ ሲታወቅ፣ ወይኑን የተከለው፣ የገረዘውና የለቀመው እጅ ግን አይታወቅም። ስለ ጠላና ስለ ጠጅ ሥነ ቃላችንም ሥነ ጽሑፋችንም ብዙ ብለዋል፤ ስለ ወይን ሐረግ ግን ከቅዱሳት መጻሕፍት ምሳሌ አልፎ፣ በእኛ አፈር ላይ በእኛ ሰው እጅ ስለ በቀለው የተባለው እጅግ ጥቂት ነው። እኔ ስለዚህ ጉዳይ ለመጻፍ የተነሣሁት የፋብሪካ ታሪክ ልተርክ ፈልጌ አይደለም። በአንድ ቤተሰብ አጥር ግቢ ውስጥ ስለ ኖሩ አራት የወይን ግንዶች፣ እነርሱም ስላስነሡት ክርክር ለአንባቢ ማካፈል የሚገባኝ ነገር ያለ ስለ መሰለኝ ነው።

የእናቴ ወንድም አምቦ ከተማ ይኖር ነበር። በ1950ዎቹ ዓ.ም.፣ ገና ጎረምሳ ሳለ፣ በጉደር አካባቢ በነበረ አንድ የወይን እርሻ በቀን ሠራተኛነት ተቀጠረ። ሥራው በመጀመሪያ ውኃ መቅዳትና አረም መንቀል ነበር፤ ኋላ ግን የእጁ ርጋታ ታይቶ የመግረዣ መቀስ ተሰጠው። ሙያውን ያሳየው ከጦርነቱ በኋላ በአገራችን ከቀሩት ጣሊያናውያን አንዱ የሆነ ሽማግሌ ነበር። አጎቴ ጣሊያንኛ አያውቅም፤ ሽማግሌውም ከአማርኛና ከኦሮምኛ የሚያውቀው ቃል በጣት የሚቆጠር ነበር። ስለዚህ ትምህርቱ በአብዛኛው በእጅ ምልክት ነበር። አጎቴ ከዚያ እርሻ ሲሰናበት፣ ሽማግሌው ከግረዛ የተረፈውን የወይን ቁርጥራጭ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ እንዲወስድ ፈቀደለትና «ባርቤራ» አለው። አጎቴም ይህን አንድ ቃል እስከ ዕድሜው ፍጻሜ እንደ ሰው ስም አክብሮ ይጠራው ነበር።

ባርቤራ በሰሜን ምዕራብ ጣሊያን፣ በፒዬሞንቴ ክፍለ ሀገር፣ በተለይም በአስቲና በሞንፌራቶ ኮረብታዎች ላይ ከጥንት ጀምሮ የሚበቅል ጥቁር ወይን ነው። በዚያው ክፍለ ሀገር ኔብዮሎ የሚባል ሌላ ወይን አለ፤ ስሙ ጉም ከሚለው ቃል እንደ ወጣ ይነገራል። የኔብዮሎ መጠጥ ለዓመታት በበርሜል ተቀምጦ በውድ ሲሸጥ፣ ባርቤራ የገበሬውና የሠራተኛው የዕለት መጠጥ ሆኖ ኖሯል። ቀለሙ ጥቁር ቀይ፣ ኮምጣጣነቱ የጎላ፣ አፍ የሚያደርቀው ታኒን የሚባለው ነገር ግን ያነሰ ነው። ጣሊያን እንዲህ ያሉ በአገሩ የበቀሉ ብዙ መቶ የወይን ዓይነቶች አሏት። በቶስካና ሳንጆቬዜ፣ በደቡብ ተራሮች አልያኒኮ፣ በሲሲሊ ደግሞ ኔሮ ዳቮላ አለ፤ የመጨረሻው ስም «የአቮላ ጥቁር» ማለት ሲሆን አቮላ ራሷ አንዲት ትንሽ ከተማ ናት። በዚያ አገር ወይን በመንደሩ ስም፣ መንደርም በወይኑ ስም መጠራቱ የተለመደ ነው።

አጎቴ ከቁርጥራጮቹ አራቱ ሥር ሰድደውለት ከቤቱ በስተ ጀርባ ዳስ ሠራላቸው። እዚህ ላይ ስለ ሐረጉ ጠባይ ጥቂት ማለት ተገቢ ይሆናል። በአውሮፓ ወይን በክረምት ብርድ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፤ በጸደይም ይነቃል። አምቦ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2100 ሜትር ያህል ከፍ ብላ፣ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን በ9 ዲግሪ አካባቢ የምትገኝ በመሆኗ፣ ሐረጉን የሚያስተኛ ብርድ የላትም። የተተወ ሐረግ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል ያወጣል፤ ፍሬውም ያለ ሥርዓት ይመጣል። ስለዚህ በእኛ አገር የወይንን ዓመት የሚወስነው መቀስ የያዘው ሰው ነው። ገራዡ ቅርንጫፉን በቆረጠበት ቀን ለሐረጉ አዲስ ዓመት ይብታል።

አጎቴ የሚገርዘው ዝናቡ ሲያባራ፣ ከመስቀል በኋላ ነበር። በዚያ ጊዜ የተገረዘው ሐረግ ያቆጠቁጣል፤ ያብባል፤ በጋውን ሙሉ ፍሬውን ያሳድግና በየካቲት ያደርሳል። ቀኑ ሞቃት፣ ሌሊቱ ግን ቀዝቃዛ በመሆኑ ፍሬው ሲጣፍጥም ኮምጣጣነቱን ፈጽሞ አይለቅም። ጎረቤቶች «በመጋቢት ደግመህ ብትገርዘው በዓመት ሁለት ጊዜ ትለቅም ነበር» ይሉት ነበር፤ ነገሩም ሊሆን የሚችል ነው። ይሁን እንጂ በመጋቢት የተገረዘው ፍሬ የሚደርሰው በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ነው። ያን ጊዜ ዘለላው ሻጋታ ይበላዋል፤ ሐረጉም ዕረፍት አጥቶ ይደክማል። ለእኛ ለልጆቹ ያስተማረን ደንብ አጭር ነበር፤ «ሁለት ዓይን ተው፣ ሌላውን ቁረጥ» ይለን ነበር። ዓይን የሚለው ቅርንጫፉ ላይ ያለውን እንቡጥ ነው። ልጅ ሆኖ ለምለም ቅርንጫፍ መቁረጥ ጭካኔ ይመስላል፤ በየካቲት ዘለላውን ያየ ግን የተረፉት ሁለቱ ዓይኖች ለምን እንደ ተረፉ ያውቃል።

አጠማመቁም እንዲሁ ቀላል መስሎ ጥንቃቄ የሚሻ ነበር። ጠጅ ማርና ውኃ፣ ጌሾም ይጠይቃል፤ ወይን ግን ስኳሩንም ውኃውንም ከራሱ ይዞ ይመጣል። የተለቀመው ዘለላ በእጅ ይፈነከትና ከነልጣጩ በታጠበና በታጠነ ጋን ይጨመራል። የጥቁር ወይን ጭማቂ ራሱ ቀለም የለውም ማለት ይቻላል፤ ቀዩ ቀለም የሚወጣው ከልጣጩ ነው። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን እርሾው ሥራውን ይጀምርና ጋኑ መንፈቅፈቅ ይይዛል። ልጣጩ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ አጎቴም ጠዋትና ማታ በእንጨት እየደፈቀ ይመልሰዋል። እርሾው በአንድ ሊትር ጭማቂ ውስጥ 17 ግራም ያህል ስኳር በበላ ቁጥር የመጠጡ አልኮል በመቶ 1 እጅ ያድጋል፤ 220 ግራም ስኳር ያለው ጭማቂ ወደ 13 እጅ የሚጠጋ ወይን ይሆናል ማለት ነው። ከሳምንት በኋላ በሻሽ ይጠለልና አንገተ ጠባብ በሆኑ ትልልቅ ጠርሙሶች እስከ አፋቸው ይሞላል፤ አየር ያገኘ ወይን ወደ ኮምጣጤ ይለወጣልና። ክረምት ከመግባቱ በፊት አንድ ጊዜ ከአተላው ይገለበጣል። ለአንድ 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ከ1 ኪሎ በላይ ፍሬ ስለሚፈጅ፣ በደኅናው ዓመት የምናገኘው 30 ጠርሙስ ያህል ነበር። አይሸጥም፤ ለዓመት በዓል፣ ለክርስትናና ለሠርግ ይቀመጥ ነበር።

ይህን ወይን በአፋቸው ያላስጠጉት የቤቱ ባለቤት አያቴ ነበሩ። ምክንያታቸው ቀላል አልነበረም። በ1928 ዓ.ም. ጠላት አገራችንን ሲወር የጅባትና ሜጫ አርበኞች በየጫካው ገቡ፤ በኋላ «የበጋው መብረቅ» የተባለው ጃገማ ኬሎም ገና ለጋ ወጣት ሳለ የተነሣው ከዚሁ አገር ነው። የአያቴ ታላቅ ወንድም ከዘመቱት አንዱ ነበሩ፤ አልተመለሱም። መቃብራቸውም አይታወቅም። እናም አጎቴ ያንን የጆንያ ጥቅል ይዞ የገባ ዕለት አያቴ፣ «እደጄ ላይ የማንን ዛፍ ነው የምትተክለው?» ሲሉ ጠየቁት። «የእግዚአብሔርን ነው፣ እማዬ» አላቸው። «የእግዚአብሔር ቢሆን በእነርሱ ቋንቋ ባልጠራኸው ነበር» ብለው ወደ ቤት ገቡ።

ክርክሩ በዚህ አላበቃም። አያቴ ሐረጉን ቤታቸው ውስጥ እንደ ገባ ሰላይ ያዩት ነበር። በዓመት በዓል ቀን እርሳቸው ፋርሶና ዳዲ ሲያቀርቡ፣ አጎቴ ጠርሙሱን ከገበታው ጥግ ያስቀምጥ ነበር፤ እንግዳውም ከማን እጅ እንደሚቀበል ይቸገር ነበር። አጎቴ «ጤፍን የሚያበቅል መሬት ይህንንም ካበቀለ፣ መሬቱ ይቅር ብሎታል ማለት ነው» ይል ነበር። አያቴም «መሬት ወንድም አልሞተበትም» ይመልሱ ነበር። ሁለቱም እውነት ይናገሩ ነበር። እኔ በአስተማሪነት ሙያዬ ብዙ ክርክር ሰምቻለሁ፤ የሁለቱን ያህል ግን ሁለቱም ወገን እውነት የያዘበት አልገጠመኝም።

ነገሩን ለጥቂት ጊዜ ያላዘበው አንድ ዘቢብ የጠፋበት ዓመት ነው። እንደሚታወቀው በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴ የሚቀርበው ወይን ዘቢብ በውኃ ተዘፍዝፎ የሚጨመቅ ነው። ልማዱ የቆየ ነው፤ በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ጽፎታል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ግድም ዘቢብ ከገበያ ጠፋና የደብሩ ቄስ ከአያቴ ጋር ስለዚሁ ሲጨዋወቱ ሰማሁ። አያቴ ብዙ ዝም ካሉ በኋላ አጎቴን ጠሩት። «ከዚያ ከዛፍህ የደረሰውን አምጣልኝ» አሉት። ዘለላውን በሰፌድ ላይ ዘርግተው፣ ከየካቲት ፀሐይ ፊት ተቀምጠው፣ ዝንብ እያባረሩ፣ ፍሬውን አንድ በአንድ እያገላበጡ ብዙ ቀን ሰነበቱ። ፍሬው ደርቆ ሲጨማደድ በነጭ ጨርቅ ቋጥረው ራሳቸው ወደ ደብሩ ወሰዱት። ከዚያ በኋላም ወይኑን አልጠጡም። ይነቀል የሚለውን ቃል ግን ዳግመኛ ከአፋቸው አልሰማንም። አጎቴም ከዚያ ዓመት ጀምሮ አንዱን ግንድ ለዘቢብ ለየው።

ይህን የቤተሰብ ነገር ያነሣሁት ከእርሱ የሚሰፋ ጥያቄ ስላለበት ነው። የወይኑ ሐረግ የማን ነው? በዘሩ ከሆነ የፒዬሞንቴ ነው። በመጣበት ዘመን ከሆነ የጦርነት ትዝታ አለበት። ነገር ግን ከመስቀል በኋላ መግረዝ፣ በመጋቢት መተው፣ ለጋኑ ጭስ፣ ለዘቢቡ ሰፌድ፤ ይህ ሁሉ በፒዬሞንቴ የማይታወቅ፣ በአምቦ የተገኘ ዕውቀት ነው። በሽማግሌው ጣሊያናዊ አገር ሐረጉን የሚያስተኛው ብርዱ ነበር፤ በእኛ አገር አጎቴና እርሱን የመሰሉ ብዙ ስም የለሽ ሠራተኞች ያንን የብርድ ሥራ በእጃቸው ሠሩት። ተክሉ እንግዳ ሆኖ ሊመጣ ይችላል፤ ዕውቀቱ ግን ባለአገር ነው። በርበሬም በቆሎም ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው፤ ዛሬ ወጣችንን ያለ በርበሬ የሚያስበው ማን ነው? የአያቴ ሐዘን ግን በዚህ ክርክር የሚሻር አይደለም፤ መሻርም የለበትም። ሐረጉን የራስ ማድረግ ያመጣውን ዘመን መርሳት ማለት እንዳልሆነ ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው።

ሁለተኛው ጥያቄ የስሙ ነው። ሌሎች አገሮች የቦታን ስም እንደ ሀብት ይጠብቁታል። በቶስካና የኪያንቲ ወይን የሚመረትበትን ወሰን መስፍኑ ኮዚሞ ሦስተኛው በ1716 (እ.ኤ.አ.) በአዋጅ ከልሎታል። የእኛም አገር የሲዳሞን፣ የሐረርንና የይርጋ ጨፌን የቡና ስሞች በውጭ አገር በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ እ.ኤ.አ. በ2005 ተነሥታ፣ ስታርባክስ ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር ከተሟገተች በኋላ በ2007 ተስማምታለች። የጉደር ስም ግን በጠርሙስ ላይ ሲዞር፣ ወይኑን የሚጠምቀው የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ያለው አዲስ አበባ ነው። ፋብሪካው በደርግ ዘመን በመንግሥት ይዞታ ሥር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ ግል ባለሀብቶች ተዛውሯል። በዝዋይም፣ አሁን ባቱ በምትባለው፣ ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ሰፊ የወይን እርሻ ተክሎ እ.ኤ.አ. በ2014 ምርቱን ለገበያ አቅርቧል። ይህ ሁሉ ለአገር መልካም ነው፤ የሚነቀፍም አይደለም። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ ስሙን ለአገር ያዋሰው ከተማ ልጆች ስለ ወይን ምን ያውቃሉ? የጉደር ሕፃን ስሙን በጠርሙስ ላይ ሲያነብ፣ ይህ ስም ከማን እጅ እንደ መጣ የሚነግረው አለን?

ጥያቄው በቤታችን ሳይዘገይ ደረሰ። አጎቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት ዐረፈ፤ ግቢውም ለወራሾች ተከፈለ። ዳሱ ያለበት ክፍል የደረሳት የአጎቴ ልጅ በቦታው ላይ የሚከራዩ ክፍሎች ልትሠራ አሰበች። አልፈረድሁባትም። ሁለት ልጆች የምታስተምር እናት ናት፤ 30 ጠርሙስ ወይን ደግሞ የትምህርት ቤት ወጪ አይከፍልም። «አባቴን በሐረጉ አላስበውም፤ በልጆቼ ነው የማስበው» አለችኝ። አያቴ በሕይወት ቢኖሩ ማንን ይደግፉ ነበር ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። ቅርስን መጠበቅ ሌላው ሰው በሚከፍለው ዋጋ ከሆነ ቀላል ነው፤ እኔ በጡረታዬ ተቀምጬ እርስዋን ድሃ ሆነሽ ሐረግ ጠብቂ ለማለት አንደበት አልነበረኝም። ሦስቱ ግንዶች ተቆረጡ። አራተኛው፣ ያ ለዘቢብ የተለየው፣ ከግንቡ ጥግ ስለ ነበር ተረፈ።

ከመቆረጣቸው በፊት ግን አንድ ነገር አደረግን። ከመስቀል በኋላ በነበረው ቅዳሜ እኔና የአጎቴ ልጅ፣ ልጆችዋም አብረውን፣ ሐረጎቹን በደንባቸው ገረዝን። ከግረዛው የተረፈውንም፣ እያንዳንዱ ሦስት አራት ዓይን እንዲኖረው አድርገን ቆርጠን፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቀለልን። በከተማው ያለ አንድ ትምህርት ቤት ከአትክልቱ ቦታ ጥግ ለቀቀልን። ከተተከሉት 20 ቁርጥራጮች 11ዱ ጸደቁ። ቁጥሩ የሚያኮራ ባይሆንም ለመማሪያ ይበቃል። አምና ተማሪዎቹን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳስገርዝ፣ አንዲት የስምንተኛ ክፍል ልጅ መቀሱን ይዛ ቆመችና «ይኼ ሁሉ ለምለም እየተቆረጠ ምን ይቀራል?» ስትል ጠየቀችኝ። «ሁለት ዓይን» አልኋት። እርስዋም ቆጥራ፣ ደግማ ቆጥራ፣ ቆረጠች። ያን ቃል ከአጎቴ አፍ ሳልሰማው ሌላ ሰው በእጁ ሲሠራው ያየሁበት የመጀመሪያ ቀን ነበር።

ውድ አንባቢ፣ በተለይም በመምህርነትና በኪነ ጥበብ ሙያ የተሰማራህ፣ ይህን የምጽፈው ሁሉም ሰው በየግቢው ወይን ይትከል ለማለት አይደለም። በምዕራብ ሸዋ ከተሞች፣ ከአዲስ ዓለምና ከሆለታ አንሥቶ በጊንጪና በአምቦ በኩል እስከ ጉደርና ጌዶ፣ በእርሻ፣ በፋብሪካና በእጅ ሥራ ዕድሜያቸውን የፈጸሙ፣ ዕውቀታቸው በጣታቸው ላይ ብቻ ያለ ሽማግሎችና ባልቴቶች ዛሬም አሉ። አምቦ በ1939 ዓ.ም. የተመሠረተው የእርሻ ትምህርት ቤት ወደ ዩኒቨርሲቲ ያደገባት ከተማ ናት፤ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንም የተወለደው በአቅራቢያዋ፣ በቦዳ ነው። ምሁርም ባለቅኔም ያልጐደለው አገር የገራዡን ደንብ የሚጽፍለት ሊያጣ አይገባም። ጸሐፊው ደብተሩን፣ ሠዓሊው ቀለሙን፣ አስተማሪው ተማሪዎቹን ይዞ ወደ እነዚህ ሰዎች ደጅ ቢሄድ፣ የሚያገኘው ትዝታ ብቻ ሳይሆን ነገ የሚሠራበት ዕውቀት ነው።

በትምህርት ቤቱ ጥግ ያሉት 11 ሐረጎች ገና ፍሬ አልሰጡም። በሚቀጥለው የካቲት አንዳንዶቹ የመጀመሪያ ዘለላቸውን ያወጡ ይሆናል። ተማሪዎቹ ዘለላው ለምን እንደሚውል ከወዲሁ ይከራከራሉ፤ ገሚሱ ለዘቢብ፣ ገሚሱ እንዲሁ ለመብላት ይላሉ። ስለ ሐረጉ የትውልድ አገር፣ ስለ አያቴ ወንድምም ነግሬአቸዋለሁ። ውሳኔውን ለእነርሱ ትቼዋለሁ፤ መቀሱን የያዙት እነርሱ ናቸውና።